የቤተሰብ ጥሪት የት ይቀመጥ?

ስለ ቁጠባና ስለ ሀብት አያያዝ ምክር የቀረበ ዳሰሳ

ከዕለት ጉርስና ከዓመት ልብስ የተረፈ ገንዘብ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ በእጁ የገባለት ሰው ሁሉ ትርፉን በምን መልክ፣ ከማን ዘንድና ለስንት ጊዜ ላኑረው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህም ጥያቄ ካህኑም፣ ሼኩም፣ የዕቁቡ ዳኛም፣ የባንኩ ሠራተኛም፣ ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ ስለ ባለጠግነት የሚያስተምሩት የትርጉም መጻሕፍት ሁሉ የየራሳቸውን መልስ ይሰጣሉ። መልሶቹ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉት ግን ብዙ ጊዜ መካሪዎቹ ስለ አንድ ነገር ስለማይናገሩ ነው። ለድንገተኛ ክፉ ቀን የሚቀመጥ ገንዘብ፣ ቀን ተቆርጦለት ለታሰበ ጉዳይ የሚጠራቀም ገንዘብ፣ ጉልበት ሲደክም ለሚመጣው ዘመን የሚቀመጥ ሀብት፣ እነዚህ ሦስቱ ጠባያቸው የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው በተፈለገ ሰዓት ከእጅ የሚገባ መሆን አለበት፣ ሁለተኛው ከባለቤቱ ከራሱ እጅ እንኳ መጠበቅ አለበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሃያና ሠላሳ ዓመት ዋጋውን ሳያጣ መቆየት አለበት። ሦስቱን ጠባይ ባንድነት የያዘ የሀብት ማኖሪያ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በዚህ ዳሰሳ የሚታየው ክርክር አብዛኛው የሚነሣውም ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው።

የጥንቱ ልማድና የመጻሕፍት ቃል

በደጋው አገር የኖረው ገበሬ ትርፉን የሚያኖረው እህሉን በጎተራና በጉድጓድ፣ ሀብቱን በከብት፣ ጥሬ ገንዘብ ሲያገኝም በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ጠገራው በላዩ የ1780 (እ.ኤ.አ.) ዓመት የተቀረጸበት፣ ከመልኩ ይልቅ በውስጡ ባለው የብር ማዕድን የታመነ ገንዘብ ስለ ነበረ፣ ንጉሥ ቢለወጥም ዋጋው አብሮ አይወድቅም፤ ዳሩ ግን የተቀበረ ብር አይወልድም፣ ባለቤቱ ሳይናገር ቢሞትም ለልጆቹ አይደርስም። ሰው ገንዘቡን ይቀብር የነበረው ስለ ስስት ብቻ እንዳልሆነ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው ካነሡት ሐሳብ መረዳት ይቻላል፤ የሀብት ምንጩ ሥራና ዕውቀት መሆኑን፣ ጸጥታና ሥርዓት በጎደለበት አገርም ሀብት ሊከማች እንደማይችል ያስተማሩ ናቸውና።

ከብት በበኩሉ ይወልዳል፣ ያርሳል፣ ወተት ይሰጣል፤ ስለዚህ ከብትን እንደ ባንክ አድርገው የሚቈጥሩ ሰዎች የሚናገሩት እውነትነት አለው። ሆኖም ድርቅ በመጣ ጊዜ ሁሉም ባለ ከብት ባንድ ቀን ሻጭ ስለሚሆን፣ የከብት ዋጋ የሚወድቀው ልክ እህል በሚወደድበት ሰዓት ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት የረኃብ ጥናታቸው፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰውን ረኃብ ሲመረምሩ፣ አርብቶ አደሮቹ ከከብቶቻቸው ሞት በተጨማሪ በተረፉት ከብቶች ለውጥ የሚያገኙት እህል ማነሱ እንደ ጎዳቸው አሳይተዋል። እንግዲህ ከብት ለአንድ ቤት መከራ፣ ለበሽታ ወይም ለዕዳ፣ መልካም መጠባበቂያ ሲሆን፣ ለአገር መከራ ግን ደካማ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም በዚህ ጉዳይ ዝም አላሉም። በኦሪት ዘፍጥረት ዮሴፍ ለፈርዖን የመከረው ከጥጋቡ ዘመን ፍሬ አንድ አምስተኛው ለረኃቡ ዘመን እንዲከማች ነው፤ በወንጌለ ማቴዎስ መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ተወቅሷል፤ ፍትሐ ነገሥት ደግሞ አራጣን ያወግዛል። ማከማቸት የተመሰገነ፣ መቅበር የተነቀፈ፣ በወንድም ችግር ማትረፍም የተከለከለ ሲሆን፣ የቀደሙት መምህራን እነዚህን ሦስቱን ትምህርቶች ያስታረቁት በምጽዋትና በአሥራት ነው። በእስልምና ሕግም ወለድ ሐራም ሆኖ ሳለ፣ ከተወሰነው መጠን በላይ ሆኖ ዓመት በሞላው ጥሪት ላይ ከመቶ ሁለት ተኩል ዘካ መታዘዙ፣ ገንዘብ ተከማችቶ እንዳይቀር የሚገፋ ሥርዓት ነው። ይህ የሃይማኖት ጥያቄ የጥንት ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ብዙ ምእመናን ከወለድ በመሸሽ ከባንክ ርቀው በመኖራቸው፣ ከረጅም ክርክር በኋላ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ተፈቅዶ፣ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ በዚሁ ሥርዓት የሚሠራው የመጀመሪያው ባንክ፣ ዘምዘም፣ ሥራውን ጀምሯል።

ዕቁብና ዕድር

ከተሞች በሰፉበት በ20ኛው መቶ ዘመን የደመወዝተኛውንና የነጋዴውን ቁጠባ የተሸከሙት ከባንክ ይልቅ ዕቁብና ዕድር ናቸው። የሁለቱ ሥራ ልዩ ልዩ ነው። ዕድር ለክፉ ቀን የቆመ ነው፤ ዕቁብ ለታሰበ ጉዳይ።

ዕድርን በሚመለከት፣ ስቴፋን ዴርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያና በታንዛኒያ የቀብር ማኅበራት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ እነዚህ ማኅበራት በይሉኝታ ብቻ የሚተዳደሩ ሳይሆኑ የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት መዝገብና የታወቀ መዋጮ ያላቸው እውነተኛ የመድን ተቋማት መሆናቸውን መስክረዋል። ሞት የማይቀር ቢሆንም ለሁሉም ባንድ ቀን ስለማይመጣ፣ የሰፈር መዋጮ ሊሸከመው ይችላል፤ ዕድር በሕይወት ካለ ሕመምተኛ ይልቅ ለሬሳ የበለጠ መድከሙ ግን የቆየ ነቀፋ ነው፤ አንዳንዶቹም ደንባቸውን አሻሽለው ለሕመምና ለእሳት አደጋ መርጃ መስጠት ጀምረዋል። በዚህ ነቀፋ ውስጥ እውነት አለ ብዬ አምናለሁ፤ የመሞቻ ገንዘቡን አስተማማኝ አድርጎ የመታከሚያውን ለዕድል የተወ ቤተሰብ የክፉ ቀኑን ግማሽ ብቻ ነው ያሰበው።

ስለ ዕቁብ የተጻፈው ይበልጥ ሰፊ ነው። ደጀኔ አረዶ እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ጥናት ዕቁብን፣ ዕድርንና የቁጠባና ብድር ማኅበራትን ባንድነት መርምረው፣ ከመንግሥት መዝገብ ውጭ የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ ቸል የሚባል አለመሆኑን አሳይተዋል። በዚያው ዓመት ቤስሊ፣ ኮትና ላውሪ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እንደዚህ ያሉትን ማኅበራት ምሥጢር በሒሳብ ገለጹ፤ ሐሳባቸውንም በቀላል ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ሃያ ሰዎች በየወሩ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ፣ እያንዳንዱ ብቻውን ሃያ ወር ጠብቆ የሚያገኘውን ሃያ ሺህ ብር፣ ከመጨረሻው ባለ ዕጣ በቀር ሁሉም ከዚያ ቀድሞ ያገኘዋል፤ የመጨረሻውም ቢሆን ብቻውን ከሚቆጥበው አይዘገይም።

ነገር ግን ዕቁብን የሚያጸናው ከሒሳቡ ይልቅ ግዴታው ነው የሚሉም አሉ። አንደርሰንና ባላንድ በናይሮቢ ኪቤራ ሰፈር ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ አብዛኞቹ አባላት ሴቶች መሆናቸውን፣ ከሚገቡበትም ምክንያት አንዱ ገንዘቡን ከባል እጅ ለመጠበቅ መሆኑን ጽፈዋል። የመጀመሪያው አስተያየት ዕቁብን ፈጥኖ የመግዣ መንገድ፣ ሁለተኛው ገንዘብን ከራስና ከቤተ ሰው ፍላጎት የመከለያ አጥር ያደርገዋል። ልዩነቱ ለመካሪ ከባድ ነው፤ የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ጥሩ የባንክ ብድር ሲገኝ ዕቁብ ይቀራል፣ ሁለተኛው እውነት ከሆነ ግን ባንክ በየመንደሩ ቢከፈትም ዕቁብ ይኖራል። በመርካቶ ባንኮች ጎን ለጎን ተከፍተው ሳሉ ዕቁቡ አለመፍረሱ፣ ባሕር ተሻግረው በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይዘውት መሄዳቸው፣ ወደ ሁለተኛው አስተያየት እንዳዘነብል ያደርገኛል።

አንድ ነገር ግን በሁለቱም ወገን እምብዛም አልተነሣም፤ እሱም ዕቁብ የጸና ገንዘብን የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ዋጋ በዓመት 30 በመቶ በሚንርበት ዘመን፣ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የመጨረሻው ባለ ዕጣ የሚወስደው ሃያ ሺህ ብር፣ ዕቁቡ ሲጀመር 13 ሺህ ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ይገዛል። የመጀመሪያው ባለ ዕጣ ያለ ወለድ ተበዳሪ፣ የመጨረሻው ያለ ወለድ አበዳሪ ይሆናል፤ ዕጣው የተራ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሀብት ዕጣ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕቁብ የሚገባ ሰው ዙሩ ያጠረውን፣ የወር ሳይሆን የሳምንት የሆነውን ቢመርጥ ማስተዋል ነው።

ባንክና የገንዘብ ዋጋ

ባንክ ወደ አገራችን የገባው በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ነው፤ በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፣ ከጠላት ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቋመ፣ በ1937 ዓ.ም.ም የኢትዮጵያ የወረቀት ገንዘብ ወጥቶ ጠገራውን እያስለቀቀ ሄደ። ይህ የመጨረሻው ለውጥ ለቆጣቢው ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ የጥሪቱ ዋጋ በማዕድን መታመኑ ቀርቶ በመንግሥት ቃል ላይ ተመሠረተ። በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ተወረሱ፤ ባለ አክሲዮኖቻቸውም ድርሻቸውን አጡ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 84 የግል ባንክ እንደ ገና ተፈቀደና አዋሽ ቀዳሚ ሆኖ ብዙዎች ተከተሉት።

ለባንክ የሚሟገቱ ሰዎች ማስረጃቸው ግልጽ ነው። በባንክ ያለ ገንዘብ ሌባ አይሰርቀውም፣ እሳት አይበላውም፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡ በፍራሽ ሥር ያከማቸ ሰው የደረሰበት ጭንቀት ለባንክ ደንበኛ አልደረሰም። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድም ተቋቁሞ፣ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር እንዲሸፍን ተደንግጓል። ለክፉ ቀን የሚሆነውን የጥቂት ወራት ወጪ በተመለከተ ይህን ማስረጃ የሚረታ ያለ አይመስለኝም።

ችግሩ የሚነሣው ስለ ረጅሙ ዘመን ሲወራ ነው። ብር በጥቅምት 1985 ዓ.ም. አካባቢ ለአንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወረደ፤ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሆነ። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው መጠን ከ2010 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ 7 በመቶ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት መቶ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር አገኘ፤ መቶ ብር ያወጣ የነበረው ዕቃ ግን 130 ብር ሆኖ ጠበቀው፤ ስለዚህ ከመግዛት ኃይሉ ከመቶ 18 እጅ ያህሉን አጣ፣ ሁለት ዓመት ቢቆይም አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይሄድ ነበር። «ቆጥቡ» የሚለው ምክር ይህን ሳይናገር ሲቀር ጎዶሎ ነው ማለት ይገባል።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን ንረት የሚያልፍ በሽታ ነው፣ ሰው ከባንክ ከሸሸ ግን ባንክ የሚያበድረው አጥቶ ልማት ይቆማል ይላል። ሁለተኛው ወገን ቆጣቢው የአገር ልማት ዕዳ ብቻውን እንዲሸከም አይገባም፣ ወለዱ ከንረቱ ጋር ይራመድ ይላል። የመጀመሪያው ለአገር፣ ሁለተኛው ለቤተሰብ ይናገራሉ፤ ስለ ቤተሰብ ጥሪት ምክር ሲሰጥ ግን ሚዛኑ የቤተሰቡ መሆን ስላለበት ሁለተኛው ወገን እውነት ይዟል።

ቤት፣ ወርቅና አክሲዮን

ከንረት የሸሸ ገንዘብ በአገራችን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቤት ነው። ቤት ኪራይ ያስገባል፣ ዋጋው ከንረት ጋር ይወጣል፣ ባለቤቱንም ያስከብረዋል። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን በወረሰ ጊዜ፣ ዕድሜ ሙሉ ጥሪታቸውን በኪራይ ቤት ያኖሩ ሰዎች ባንድ ቀን አጥተውታል፤ ይህም ሀብትን ሁሉ ባንድ መልክ ማኖር በጸጥታ ዘመን የማይታይ አደጋ እንዳለው የሚያሳይ ታሪክ ነው። ለመካከለኛው ገቢ የቀረበው መንገድ የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ ነበር፤ በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ከተመዘገቡት መቶ ሺዎች ብዙዎቹ ዕጣቸውን ለዓመታት ሲጠብቁ፣ በየወሩ የሚቆጥቡት ገንዘብ በአነስተኛ ወለድ ሲያድግ የግንባታው ዋጋ ግን እጥፍ ድርብ ሄደ። ቅድሚያ ተከፍሎባቸው ሳይሠሩ የቀሩ ቤቶችም የብዙ ቤተሰብ እንባ ናቸው። ወርቅ በአንጻሩ በቀላሉ ይሸጣል፣ ከውጭ ምንዛሬውም ጋር ይሄዳል፤ ሠርቶ የሚያስገባው ግን የለም።

አክሲዮን አዲሱ ምዕራፍ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ዝቅተኛውን ግዢ 33 አክሲዮን አድርጎ 100 ሚሊዮን አክሲዮን ሲያቀርብ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ደጋፊዎቹ ይህን እንደ ጥሩ ጅማሬ ያዩታል፤ ተቺዎቹ ደግሞ አክሲዮን የገዛ ሰው ገንዘቡ ሲያስፈልገው በምን ዋጋና ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሸጠው ገና ያልተፈተነ መሆኑን ይናገራሉ። የባንክ አክሲዮን የያዙ ሰዎች ለብዙ ዓመታት መልካም የትርፍ ድርሻ ያገኙት ግን የውጭ ባንክ ባልተፈቀደበት ገበያ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ በሩን ለውጭ ባንኮች ከፍቷልና ያለፈው ትርፍ ለሚመጣው ምስክር ሊሆን አይችልም።

ምክር ራሱ ይጠቅማልን?

ገንዘብ አያያዝን የሚያስተምሩት መጻሕፍት አብዛኞቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ክላሰን እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው የባቢሎን ባለጠጋ ታሪክ ከገቢ አሥረኛውን አስቀድሞ ለራስ ማስቀረትን መክሯል፤ ኤልሳቤጥ ዋረንና ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት መጽሐፍ ደግሞ ግማሹ ለግድ ወጪ፣ ሠላሳ በመቶው ለፍላጎት፣ ሃያ በመቶው ለቁጠባና ለዕዳ እንዲከፈል ጽፈዋል። የመጀመሪያው ከአሥራት ጋር የተለማመደ ሕዝብ ሊቀበለው የሚችል ነው። ሁለተኛው ግን በአገራችን የዋጋ መለኪያ ውስጥ ምግብ ብቻውን ለዓመታት ከግማሽ በላይ ይዞ ከመቆየቱ ጋር አይገጥምም፤ ጤፍና ዘይት ገቢውን ለሚወስዱበት ቤተሰብ ግማሹን የግድ ወጪ አድርግ ማለት ምክር አይሆንም።

ትምህርት የሰውን ጠባይ ይለውጣል ወይ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ተለያይተዋል። ፈርናንዴስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ ጥናቶችን ባንድነት መዝነው፣ የገንዘብ ትምህርት በሰዎች የገንዘብ ጠባይ ላይ ከሚታየው ልዩነት የሚያስረዳው 0.1 በመቶውን ብቻ ነው አሉ። ካይዘርና ባልደረቦቹ ግን በዕጣ በተመደቡ ሰዎች ላይ የተደረጉ 76 ሙከራዎችን አሰባስበው፣ ትምህርቱ ዕውቀትንም ጠባይንም እንደሚያሻሽል እ.ኤ.አ. በ2022 አሳተሙ። ልዩነቱን በከፊል የሚያስታርቀው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በጥቃቅን ነጋዴዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ይመስለኛል፤ በዚያ ሙሉው የሒሳብ መዝገብ ትምህርት እምብዛም ሳይጠቅም፣ «የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ ለይ» የሚለው ቀላል ደንብ ጠቅሟል።

ከትምህርቱ ይልቅ የማኖሪያው ሥርዓት እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃም አለ። በፊሊፒንስ አንድ ባንክ፣ ባለቤቱ ራሱ የወሰነው ቀን ወይም መጠን እስኪደርስ የማይወጣ ሒሳብ ባቀረበላቸው ደንበኞች ዘንድ፣ ግብዣውን የተቀበሉት 28 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በዓመቱ የተጋበዙት ሁሉ ቁጠባ ካልተጋበዙት በ81 በመቶ በልጦ ተገኘ። በዋሽንግተን ዙሪያ በሚኖሩ የኤልሳልቫዶር ስደተኞች ላይ የተደረገው ሌላ ሙከራ ደግሞ፣ በአገር ቤት ባለው ሒሳብ ላይ ላኪው ራሱ ሥልጣን ሲሰጠው ቁጠባው እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህ በቀጥታ የሚመለከተው በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችንን ነው፤ ደመወዛቸውን ሁሉ በሐዋላ ወደ ቤተሰብ ልከው በተመለሱ ጊዜ ባዶ ቤት የሚጠብቃቸው ብዙዎች ናቸውና፣ ከሚልኩት ጥቂቱን በራሳቸው ስም በሚከፈት ሒሳብ እንዲያኖሩ መምከር ከቤተሰብ ፍቅር የሚቃረን ሳይሆን ፍቅሩን የሚያጸና ነው።

ያልተፈታው ጥያቄ

የክፉ ቀንና የታሰበ ጉዳይ ቁጠባ፣ ከላይ እንደ ታየው፣ የየራሳቸው መልስ አላቸው፤ ባንክና ዕድር ለመጀመሪያው፣ ዕቁብና የተዘጋ ሒሳብ ለሁለተኛው፣ ጉድለታቸው ታውቆ ይበቃሉ። የእርጅና ጥያቄ ግን አልተፈታም። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ሞዲልያኒና ብሩምበርግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ ሰው በጎልማሳነቱ አጠራቅሞ በእርጅናው ይመገባል ሲል፣ ዋጋውን የሚጠብቅ ማኖሪያ እንዳለ አስቀድሞ ያስባል፤ በአገራችን ግን ይህ ነው የጎደለው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዋስትና ያገኙት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲሆን፣ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ገበሬው፣ የቀን ሠራተኛው፣ በጉልት የምትሸጠው እናት ግን አብዛኞቹ ከዚህ ውጭ ናቸው። የነሱ ጡረታ ልጆቻቸው ናቸው የሚለው የቆየ አስተሳሰብ፣ ልጆቹ ወደ ከተማና ወደ ባዕድ አገር በተበተኑበት ዘመን ምን ያህል እንደሚጸና የሚያከራክር ነው፤ ልጅን ማስተማር ግን ከወርቅም ከቤትም የበለጠ ትርፍ እንዳለው የሚሟገቱ ወላጆች ስሕተተኞች ናቸው ለማለት ማስረጃ የለኝም።

እንግዲህ ንረት የማይበላው፣ ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀም፣ በሕግ የተጠበቀ የእርጅና ማኖሪያ ለደመወዝተኛ ላልሆነው ሕዝብ ማቆም የመንግሥትና የሕግ አውጪዎች ግዴታ እንጂ በቤተሰብ ብልሃት የሚሞላ ጉድለት አይደለም። ይህ እስኪሆን ድረስ፣ ስለ ገንዘብ የምትጽፉና የምትመክሩ ሁሉ፣ ድኻው በእርጅናው የሚቸገረው ስላልቆጠበ ብቻ እንደሆነ አድርጋችሁ አታስተምሩ።